ከጎንደር ተነሥቶ የቅዱሳንን መካነ መቃብር ለመሳለም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጉዞ ሰሞን ሲደርስ በየሰንበቴውና በየጽዋ ማኅበሩ የሚነሣው ነገር ያው ነው። የት እንሂድ? መቼ? በምን? ሴቶች ይገባሉ ወይ? ስንቁስ? እኔም በደብራችን ጉዞ ከሚያስተባብሩት አንዱ ስለሆንኩ ብዙ ሰው ይደውልልኛል። ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው ከምደግም ብዬ እዚህ አንድ ላይ ጻፍኩት። ተጓዡ ከጎንደር እንደሚነሣ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ ከሌላ ቦታ የምትነሡ መንገዱን በራሳችሁ አስተካክሉት።

ቦታው ብዙ ነው። ከየት ልጀምር?

ከቦታ አትጀምሩ። ከቅዱሱ ጀምሩ።

ብዙ ጊዜ የማየው እቅድ "በአራት ቀን ስምንት ገዳም" የሚል ነው። ሰዉ ከመኪና ይወርዳል፣ ደጃፉን ይስማል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ተመልሶ ይሳፈራል። ኪዳን አልደረሰ፣ አላስቀደሰ፣ ከአባቶች ጋር አንድ ቃል አልተነጋገረ። ገንዘቡም ድካሙም ያሳዝነኛል። አንድ ቅዱስ ምረጡ፦ በየወሩ የምትዘክሩትን፣ እናታችሁ ስትደነግጥ የምትጠራውን፣ ስእለት ያለባችሁን። ከዚያ ወደ አንድ ቦታ ሂዱና ቢያንስ አንድ ሌሊት እዚያው እደሩ።

ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ገድሉን አንብቡ። የአማርኛ ትርጉሙ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይሸጣል፣ ውድም አይደለም። ልዩነቱን ደብረ ሊባኖስ ላይ ታዩታላችሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ዋሻ ላላነበበ ሰው ውኃ የሚንጠባጠብበት ድንጋይ ነው። ያነበበው ግን አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንድ እግራቸው እስኪሰበር ድረስ ቆመው የጸለዩበት ቦታ መሆኑን ያውቃል፤ ጫማውን አውልቆ ሲቆም የራሱ እግር ስንት ደቂቃ እንደሚችል ያያል። ሁለቱ ሰዎች ያው አንድ መኪና ተሳፍረው የመጡ ናቸው።

ለመሆኑ የትኛው ቅዱስ የት ነው ያረፈው?

ቅርብ ካለው ልጀምር። ጣና ላይ።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሬማ ደሴት ላይ፣ በሬማ መድኃኔ ዓለም ነው የተቀበረችው። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡንም ሊያስቀብሉ ሲሞክሩ እምቢ ብላ፣ ከባለሥልጣን ባሏ ተለይታ፣ ስደቱንም እስሩንም የቻለች እናት ናት። ያረፈችው በ1635 ዓ.ም. ነው፤ አፄ ፋሲል ጎንደርን ከቆረቆሩ ገና ጥቂት ዓመት ሆኖ ነበር። በዓሏ ኅዳር 17 ነው። እውነቱን ለመናገር የጎንደር ሰው ይህችን እናት ከዚህ በላይ ሊያውቃት ይገባ ነበር። የከተማችን ታሪክ ከእሷ ተጋድሎ አይነጠልም።

እናታችን ክርስቶስ ሠምራ ደግሞ ጓንጉት ናት፣ እዚያው ጣና ዳር። ከቡልጋ የመጣች፣ ትዳርና ልጆች የነበሯት፣ በኋላ መንና በጣና ውኃ ውስጥ ቆማ የጸለየች። ሰይጣንን ከፈጣሪው ላስታርቅ ብላ የለመነችውን ነገር ያልሰማ የለም መቼም። በዓሏ ነሐሴ 24 ነው፣ ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕረፍት ጋር አንድ ቀን።

ላስታ ስትወጡ ሁለት ቅዱሳን ነገሥታት አሉ። ቅዱስ ላሊበላ ያረፈው ራሱ ካነጻቸው 11 አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ፣ በቤተ ጎልጎታ ውስጥ ነው። በዓሉ ሰኔ 12። ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ በተራራ ላይ ባለ ዋሻ ውስጥ ነው፤ በዓሉ ጥቅምት 19። ስለዚህኛው ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ላሊበላ ድረስ ሄዶ ሳያየው ይመለሳል። ከመኪና ወርዳችሁ በዛፎቹ መሐል ዳገቱን ትወጣላችሁ። ዋሻው አፍ ላይ ያለውን ግንብ አልፋችሁ ስትገቡ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል። ቤተ ክርስቲያኑ ከዋሻው ጣሪያ ሥር ቆሟል፤ ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ ልስን እየሆነ ይወጣል። መቃብሩ ከጎኑ ነው፣ በጨርቅ ተሸፍኖ። ከኋላ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ከጥንት ጀምሮ ለመሳለም መጥተው እዚያው ያረፉ ምእመናን ዐፅም ተከምሯል። እኛም የነሱው ተከታይ ነን። እዚያ ቦታ ላይ ፎቶ ለማንሳት ስልክ የሚያወጣ ሰው ሳይ በጣም ነው የሚከፋኝ።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው ያረፉት፣ ከደሴ በስተሰሜን። በዓላቸው ኅዳር 26። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩና ያመነኮሱ አባት ናቸው።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው ደብረ ሊባኖስ ናቸው፣ ሰሜን ሸዋ። ነሐሴ 24 ዕረፍታቸው፣ ግንቦት 12 ደግሞ ካረፉ ከ57 ዓመት በኋላ ዐፅማቸው የፈለሰበት ቀን። ይህ ገዳም ከጎንደር ጋር የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። በጎንደር ዘመን የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ፣ ማለት የገዳሙ አለቃ፣ መቀመጫው እዚህ ጎንደር ነበር፤ እጨጌ ቤት የሚባለው ሰፈር ከዚያ የቀረ ስም ነው። ደብረ ሊባኖስ ስትደርሱ ሌላም የምታስቧቸው አሉ፦ በ1929 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ለዚያው ለፍልሰተ ዐፅም በዓል ተሰብስበው የነበሩ መነኮሳትና ምእመናን በግራዚያኒ ትእዛዝ ተረሽነዋል። ለነሱም ጧፍ አብሩ።

የቅዱስ ያሬድ መቃብር የት ነው? ሰሜን ተራራ ነው ይላሉ።

ቅዱስ ያሬድ አልተቀበረም፣ ተሰወረ። ሰሜን ተራሮች ላይ በምናኔ ኖሮ እዚያው ነው የተሰወረው፤ በዓሉ ግንቦት 11 ነው። አቡነ አረጋዊም እንዲሁ፣ ደብረ ዳሞ ላይ፣ ጥቅምት 14። ስለዚህ "መቃብሩን አሳዩኝ" ብላችሁ አባቶችን አታስጨንቁ። የተሰወሩበት ቦታ እንደ መቃብር ይሳለማል፤ በረከቱ ያው ነው። ሰሜን የምትሄዱ ግን የዳገት ጉዞ መሆኑን፣ ሌሊቱም ውርጭ መሆኑን ዕወቁ። ጋቢ ብቻውን አይበቃም።

በንግሥ ቀን ልሂድ ወይስ በአዘቦት?

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁ፣ መጀመሪያ በአዘቦት።

የንግሥ ቀን ደስ ይላል፣ አልክድም። ማኅሌቱ፣ እልልታው፣ ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ። ነገር ግን መቃብሩ አጠገብ ለመድረስ ግፊያ ነው፤ ማደሪያ የለም፤ አባቶች ጊዜ የላቸውም። ሕፃን የያዘች እናት፣ አዛውንት፣ ሕመምተኛ ካለ ደግሞ በጭራሽ አልመክርም። በአዘቦት ቀን ሂዱ፣ ኪዳን አድርሱ፣ አስቀድሱ፣ ለብቻችሁ ቆማችሁ የልባችሁን ንገሩ። የቦታውን ጠባይ ከለመዳችሁ በኋላ በሌላ ዓመት ለንግሡ ትሄዳላችሁ።

ለንግሥ ነው የምሄደው ካላችሁ ጾሙን አስቡ። ኅዳር 17ም ኅዳር 26ም ጾመ ነቢያት ውስጥ ናቸው። ሰኔ 12 አብዛኛውን ጊዜ በጾመ ሐዋርያት ላይ ይውላል። ግንቦት 12 ሁልጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሆነ ጾም የለም። ነሐሴ 24 ፍልሰታ ካለፈ በኋላ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ካልዋለ አይጾምም፣ ዝናቡ ግን አናታችሁ ላይ ነው።

መንገዱስ?

ወደ ጣና፦ ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ በጀልባ። ጀልባውን ጠዋት ያዙ። ጣና ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፣ ማዕበሉም አይወደድም። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ፣ ባለ ጀልባው "እኛ እዚሁ ነው ያደግነው" ቢላችሁም።

ወደ ላስታ፦ በአዲስ ዘመን፣ ወረታ ላይ ታጥፎ፣ ደብረ ታቦርንና ነፋስ መውጫን አልፎ ጋሸና። ከጋሸና ወደ ላሊበላ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቅን መጨመር የሚፈልግ ከጋሸና በወልድያ አድርጎ መውረድ ይችላል፣ ግን ተጨማሪ ቀናት ይዞ ይሁን።

ወደ ደብረ ሊባኖስ፦ በጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ነው። ደብረ ማርቆስ አድሩ፤ በማግስቱ የዓባይን በረሃ አቋርጣችሁ፣ ጎሐ ጽዮንንና ፍቼን አልፋችሁ ትደርሳላችሁ። አዲስ አበባ ለመግባት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ነው መታጠፊያው።

አሁን ዋናው ነገር። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው አጣሩ፣ በመነሻችሁ ጠዋትም ድገሙት። ያለፈው ሳምንት ወሬ አይሠራም። በዚያው መስመር ትናንት የመጣ ሹፌር ጠይቁ፣ የምትሄዱበት ገዳም ስልክ ካለው ደውሉ። ከመሸ አትጓዙ። መታወቂያ ሁሉም ሰው ይያዝ፣ ኬላ ላይ ይጠየቃል፤ በቡድን ከሆናችሁ ከደብራችሁ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፉ። ነገሩ ካላማረ ደግሞ ተዉት። ስእለት ዘገየ ብሎ የሚቀየም ቅዱስ የለም። "ስለ ጻድቁ እንሂድ፣ ምንም አንሆንም" እያሉ የሰው ልጆችን መንገድ ላይ የሚያስወጡ አስተባባሪዎች አሉ፤ ይሄ እምነት ሳይሆን የሌላውን ሰው ሕይወት ማስያዝ ነው። አቅም ያለው በአውሮፕላን ይሂድ፤ ከአዘዞ ተነሥቶ በአዲስ አበባ በኩል ላሊበላም መድረስ ይቻላል።

ሴቶች የት ይገባሉ፣ የት አይገቡም?

ይህን ሳይጠይቁ ሄደው ደጅ ላይ የሚመለሱ እህቶች ስላሉ በግልጽ ልናገር። ደብረ ሊባኖስ፣ ጓንጉትና ይምርሐነ ክርስቶስ ሴትም ወንድም ይሳለማል። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አትገባም። ደብረ ዳሞም እንዲሁ። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ለወንድ ብቻ ናቸው። ላሊበላ ላይ ሁሉም ቦታ ይገባል፣ ቤተ ጎልጎታ ብቻ ሲቀር፤ መቃብሩ ደግሞ ያለው እዚያ ነው። ጎን ለጎን ያለው ቤተ ሚካኤል ግን ይገባል፣ ወደ ጎልጎታ የሚያልፈውም በእሱ ነው። እህቶች እዚያ ቆመው ይጸልያሉ፤ የመጡበት ጉዳይ አይጎድልባቸውም።

የወር አበባ ላይ ያለች ወደ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትገባም፤ በቅጽሩ ሆና ትጸልያለች። ቀኑን አስቀድማችሁ አስሉ። ድንገት ቢመጣባችሁ ደግሞ አትሸማቀቁ፣ ጉዞው ከንቱ ሆነ ብላችሁም አታልቅሱ። ከውጭ የቆመም ተሳልሟል። የተቀረውን ጥያቄ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ዋልድባ መሄድ እፈልጋለሁ። እንዴት ነው?

ዋልድባን ከዚህ ዝርዝር ለይቼ ነው የማየው። የአቡነ ሳሙኤል ቦታ ነው፣ መነኮሳቱ እህል አይቀምሱም፣ ቋርፍ የሚባል የሥራ ሥር ምግብ ነው የሚበሉት። ሴት አትገባም። ለማየት የሚኬድበት ቦታ አይደለም። ከልባችሁ ካሰባችሁበት ከንስሐ አባታችሁ ጋር መክራችሁ፣ ቦታውን ከሚያውቅ አባት ጋር ሂዱ። በአውቶቡስ ሞልተን እንሂድ ለሚል ማኅበር መልሴ አይሆንም ነው።

ምን ይዤ ልሂድ?

ስንቅ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። የጾም ቀን ከሆነ ጭኮው ቅቤ እንዳይነካው ተጠንቀቁ። ገዳሙ ያበላናል ብላችሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። አባቶች ያላቸውን ያካፍላሉ፣ ያካፈሉት ግን ከራሳቸው ድርሻ ነው።

ልብስ፦ ነጠላ፣ ለሌሊት ጋቢ፣ ለሴቶች ረጅም ቀሚስ። ወፍራም ካልሲ አትርሱ፤ ጫማ ስለሚወለቅ የላሊበላ ድንጋይ ጠዋት ጠዋት እግር ያደነዝዛል። ምንጣፍ ላይ ቁንጫ ይኖራል፣ ሳትሳቀቁ ተዘጋጁበት። ባትሪ ያዙ። የጋሸና ብርድ ያልታሰበበትን ሰው ያማል።

ጥሬ ገንዘብም ያዙ። ቴሌብር ከተማ ላይ ነው የሚሠራው፤ ጀልባው፣ በቅሎው፣ ምጽዋቱ በእጅ ነው።

ለገዳሙ ምን ልስጥ? ስእለቴንስ ለማን ነው የማስረክበው?

ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ሰው ብዙ ጊዜ ጥላና መጋረጃ ይሳላል፤ ጥሩ ነው፣ ግን አንዳንድ ቦታ ጥላው ተከምሮ ቆርቆሮው ያፈሳል። አስቀድማችሁ ደውላችሁ "ምን ቸግሯችኋል?" ብላችሁ ብትጠይቁ ይሻላል። አንድ ኩንታል ስንዴ፣ ለአብነት ተማሪዎች ብርድ ልብስ፣ ለመነኮሳት መድኃኒት ሊሆን ይችላል መልሱ። ገንዘብ ከሆነ ለገዳሙ ጽሕፈት ቤት ሰጥታችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ደጃፍ ላይ ቆሞ "እኔ አደርስላችኋለሁ" ለሚል አትስጡ። ደረሰኝ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የገዳሙ አባቶች ራሳቸው ይወዱታል።

ለጠበል ነው የምሄደው። መድኃኒቴን ላቁም?

አታቁሙ። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የኤች አይ ቪ፣ የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ነው የሚሄደው፣ ከሚቆይባቸው ቀናት ትርፍ አድርጎ። ጠበሉንም ጠጡ፣ እምነቱንም (የተባረከውን አፈር) ተቀቡ፣ ክኒኑንም ዋጡ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። "መድኃኒት ከወሰድክ እምነት የለህም" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ከካህን ጋር ተነጋገሩ። በዚህ ነገር ሰው ሞቶብናል፣ ስለዚህ ለስለስ አድርጌ ልናገረው አልችልም።

በማኅበር ልሂድ ወይስ ለብቻዬ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በማኅበር። ወጪው ይቀላል፣ መዝሙሩ ያበረታል፣ ካህን አብሮ ይኖራል። ግን ሳትከፍሉ ጠይቁ፦ ክፍያው ምንን ያካትታል? ማደሪያው የት ነው? መኪናው ቢበላሽስ? ጉዞው ቢቀር ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? ስንት ቦታ ነው የምንሄደው? የመጨረሻው መልስ ከሁለት ቦታ ከበለጠ ሌላ ማኅበር ፈልጉ።

እናቴ ደብረ ሊባኖስን ሳልሳለም እንዳልሞት ትላለች፣ ግን ጉልበቷ ደክሟል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ሐኪሟን ጠይቁ፣ ቀጥሎ እሷን። መኪና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ይደርሳል፤ የሚከብደው ወደ ዋሻው የሚወጣው ዳገት ነው። ዋሻው ቢቀርባት መቃብሩን መሳለም ትችላለች። በአውሮፕላን አዲስ አበባ አድርሳችሁ ከዚያ በመኪና ብትወስዷት የመንገዱ ድካም በጣም ይቀንሳል። ነሐሴ 24ን ተዉት፣ ኅዳር ወይ ታኅሣሥ ላይ አንድ የአዘቦት ቀን ያዙላት።

ጭራሽ የማይሆን ከሆነ፣ በየወሩ 24 ቀን አዘዞ ተክለ ሃይማኖት ውሰዷት። እናንተ ስትሄዱ ደግሞ ስሟን በወረቀት ጽፋችሁ ለካህኑ ስጡ፤ የክርስትና ስሟን፣ የቤት ስሟን አይደለም። ጠበል ስታመጡላት ጀሪካኑ ክዳኑ የሚጠብቅ ይሁን፤ ከዓባይ በረሃ እስከ ጎንደር መኪናው ብዙ ይነጥራል።